ስለ ንቅሳትና ስለ ደም ካንሰር
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 የሒሳቡ ሪፖርት ተነቦ፣ የድንኳኑና የወንበሩ ጉዳይ መቋጫ ካገኘ በኋላ ስለ ጤና የምንናገርበት ግማሽ ሰዓት ስለ ተፈቀደልን ኮሚቴውን እናመሰግናለን። ንግግሩ በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ እንዲወጣ ስለ ተጠየቅንም በጽሑፍ አሰናድተነዋል።

«የመዝገብ ቤት ጡረተኛ ስለ ሕክምና ለመናገር ምን አስደፈረው?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ አያልፍም፤ ዕድሜያችንንም የፈጀነው ዶሴ ስናገላብጥ ነው። ነገር ግን የመዝገብ ቤት ሰው አንድ ልማድ አለው። ሁለት ዶሴዎች አንድ ጉዳይ መያዛቸውን ሲያይ አንድ ላይ ያስራቸዋል። የንቅሳት ዶሴና የደም ካንሰር ዶሴ በየመደርደሪያቸው ተለያይተው ኖረዋል። እኛ ሐኪሞችን ጠይቀን፣ የተማሩ ልጆቻችንንም አስነብበን ስናገላብጣቸው አንድ ላይ መታሰር የሚገባቸው ሆነው አገኘናቸው። የዛሬው ንግግራችን ይኸው ነው።

እንግዲህ ከንቅሳት እንጀምር። ንቅሳት በአገራችን ምን እንደሆነ ለዚህ ጉባዔ ማስረዳት ለቀባሪው አረዱት ይሆናል። እዚህ ከተቀመጡት እናቶቻችን መካከል አንገታቸውን የተነቀሱ፣ ግንባራቸው ላይ መስቀል ያለባቸው፣ ድዳቸውን የጠቆሩ ብዙዎች ናቸው። ጥላሸት ከቅጠል ጭማቂ ጋር ይለወሳል፤ በእሾህ ወይም በመርፌ ይወጋል፤ ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ከዚያም ይደርቃል። ለውበት ነው፣ ለሃይማኖት ምልክት ነው፣ ግን ደግሞ ለመድኃኒትም ነው። አንገት የሚነቀሰው እንቅርት እንዳይወጣ ወይም የወጣው እንዲጠፋ ነው ይባል ነበር። ድድ የሚነቀሰው ጥርሱ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ብቻ ሳይሆን የሚደማ ድድ እንዲጠነክር ጭምር ነው ይባላል። ንቅሳትን ለመድኃኒት ማሰብ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በኦስትሪያና በጣልያን ድንበር ከበረዶ ውስጥ የወጣው፣ ከ5000 ዓመት በፊት የሞተው ሰው ገላው ላይ 61 የንቅሳት ምልክቶች ተቆጥረዋል። ብዙዎቹ ያሉት መገጣጠሚያው አካባቢ ስለሆነ ለሕመም ማስታገሻ የተደረጉ ሳይሆኑ አይቀሩም ብለው ሊቃውንት ይገምታሉ።

ከንቅሳት ጋር የሚቆጠሩ ዘመዶቹም አሉ። ቅንድብ መበጣት አለ፤ ዋግምት አለ፤ ያበጠ ንፍፊትን በምላጭ መብጣት አለ፤ ያበጠ ጣፊያን በጋለ ብረት መተኮስ አለ። አሁን ደግሞ በየውበት ሳሎኑ በመኪና የሚሠራ ንቅሳት መጥቷል። ወጣቶች ክንዳቸው ላይ ያስነቅሳሉ፤ ሴቶች ቅንድባቸውን በቀለም ያስሞላሉ። ስሙ ይለያይ እንጂ ሁሉም ቆዳን የሚቀዱ ናቸው።

አሁን ቀለሙ ለምን እንደማይለቅ እንይ። የላይኛው ቆዳችን በየጊዜው እየተላጠ ይወድቃል። መርፌው ግን ይህን አልፎ የታችኛውን ቆዳ ይወጋል። ሰውነታችን ቀለሙን እንደ ጠላት ስለሚቆጥረው ማክሮፌጅ የሚባሉ ጠባቂ ሕዋሳት መጥተው ይውጡታል። ውጠውም ማጥፋት ስለማይችሉ ይዘውት ይቀመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በፈረንሳይ አገር በማርሴይ ከተማ የሚገኙ ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ ባደረጉት ጥናት እንደታየው ጠባቂው ሕዋስ ሲሞት ቀለሙን ይለቅቃል፣ አዲሱ ጠባቂ ደግሞ ተቀብሎ ይውጠዋል። ዘብ ለዘብ ቁልፍ እንደሚረካከብ መሆኑ ነው። ከፊሉ ቀለም ደግሞ ተጉዞ ወደ ንፍፊት፣ ማለት በብብት፣ በአንገትና በብሽሽት ወዳሉት ዕጢዎች ይገባል። ስለዚህ ንቅሳት ከቆዳችን ላይ የተሳለ ሥዕል ብቻ አይደለም። የሰውነታችን ዘቦች ዕድሜ ልክ የሚጠብቁት ዕቃ ነው። ዘቦቹ ጤነኞች ከሆኑ ችግሩ ብዙም አይታይም። ዘቦቹ የታመሙ ዕለትስ?

ወደ ሁለተኛው ዶሴ የምንሻገረው በዚህ ጥያቄ ነው። ደም የሚሠራው በአጥንታችን መቅኒ ውስጥ ነው። መቅኒው ሦስት ዓይነት ሕዋሳት ያወጣል። ቀዩ ኃይል ይሰጠናል፤ ነጩ ከበሽታ ይከላከልልናል፤ ፕሌትሌት የሚባለው ደግሞ ስንቆስል ደማችንን ያረጋል። ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ሲመጣ መቅኒው ያልበሰለና ሥራ የማያውቅ ነጭ ሕዋስ በብዛት ያመርታል። ስሙም «ነጭ ደም» ማለት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1847 ያወጣለት ፊርኾ የተባለ የጀርመን ሐኪም ነው። በገበያ የማይረባ ሸቀጥ ቦታውን ሞልቶ ደኅናው መቀመጫ እንደሚያጣ ሁሉ ደኅናው ቀይ፣ ደኅናው ነጭና ፕሌትሌቱ ያንሳሉ። ሌላው ዓይነት ሊምፎማ የሚባለው ሲሆን የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከንፍፊት ነው።

ምልክቱን ልብ ብላችሁ ስሙን። ሰውዬው ይገረጣል፣ ይደክመዋል። ትኩሳት ይመላለስበታል። ሳይመታ ቆዳው ላይ ሰማያዊ ወይም ቀይ ነጠብጣብ ይወጣል። አንገቱና ብብቱ ላይ ንፍፊት ያብጣል። ጣፊያው ያድጋል። ድዱ ያብጣል፣ ይደማል።

አሁን ሁለቱን ዶሴ እንሰር። ንፍፊት ያበጠበትን ሰው በመንደራችን ምን ይሉታል? «አስበጣው» ይሉታል። ጣፊያው ያደገበትን? «አስተኩሰው» ይሉታል። ድዷ የሚደማባትንስ? «ተነቀሺ» ይሏታል። ልብ በሉ፣ የደም ካንሰር መጀመሪያ የሚታይባቸው ቦታዎች የእኛ መርፌና ምላጭ የሚፈልጓቸው ቦታዎች ናቸው። በሽታው ደም እንዳይረጋ፣ ቁስልም እንዳይከላከል ያደረገውን ገላ እኛ ሄደን እንቀደዋለን። ትልቁ አደጋ ይህ ነው።

ጉዳቱ በምን በምን መንገድ እንደሚመጣ በቁጥር እናስቀምጠው።

1ኛ/ መድማት። የጤነኛ ሰው ፕሌትሌት በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150000 እስከ 450000 ይደርሳል። በደም ካንሰር የተያዘ ሰው ግን ከ20000 በታች ሊወርድበት ይችላል፤ ያን ጊዜ ሳይነካም ሊደማ ይችላል። በመኪና የሚሠራ ንቅሳት ገላን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይወጋል።

2ኛ/ ቁስል መመረዝ። ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ከ500 በታች ሲወርድ ሰውነት ለተራ ጀርም እንኳ እጁን ይሰጣል። የሚያስቸግረው ደግሞ መግል የሚሠራው ይኸው ሕዋስ ስለሆነ ቁስሉ ሳይመግል፣ እምብዛም ሳያብጥ ውስጥ ለውስጥ መርዙ ወደ ደም ይገባል። «ቁስሉ ደኅና ነው፣ መግል የለውም» ብለን ስንጽናና ሰውየው ያልፋል።

3ኛ/ ራሱ ቀለሙ። መርፌው አዲስ ከሆነ ምን አለበት የሚሉ ወጣቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻና በ2012 መጀመሪያ በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር በተባለች ከተማ 19 ሰዎች ከተነቀሱ በኋላ ቆዳቸው ላይ የማይድን ሽፍታ ወጣባቸው። ሲመረመር ከሳንባ ነቀርሳ ጀርም ወገን የሆነ፣ በውኃ ውስጥ የሚኖር ጀርም ተገኘ። መነሻውም ቀድሞ ተበጥብጦ ከተዘጋጀ ግራጫ ቀለም ጋር የተያያዘ ነበር። ጤነኛ ገላ ላይ እንዲህ ያደረገ ጀርም መከላከያ የሌለው ገላ ላይ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2022 ጀምሮ በንቅሳት ቀለም ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ኬሚካሎችን የሚገድብ ደንብ ሥራ ላይ አውሏል።

4ኛ/ በትንሽ ውጋት ትልቅ ቁስል መውጣት። በአንዳንድ የደም ካንሰር ሕሙማን ላይ ቆዳው ስለ ተወጋ ብቻ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ አንዳንዴም እየሰፋ የሚሄድ ቁስል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1964 ስዊት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የጻፈለትና በስሙ የሚጠራው የቆዳ ሕመም ከእነዚህ አንዱ ነው። ይህ ቁስል ጀርም የሌለበት ስለሆነ በጀርም መድኃኒት አይድንም፤ ቆርጬ ላንሳው ቢሉትም ይብስበታል። ምን እንደሆነ የሚለየው ሐኪም ብቻ ነው።

5ኛ/ ምርመራን ማሳሳት። ቀደም ብለን እንዳልነው ቀለሙ ወደ ንፍፊት ይጓዛል። ንፍፊቱ ከቀለሙ የተነሳ ሊያብጥና ሊጠቁር ስለሚችል ሐኪሙን «ካንሰሩ ተስፋፍቶ ይሆን?» ያሰኘዋል። ስለዚህ የተነቀሰ ሰው መነቀሱን ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ንቅሳት ራሱ የደም ካንሰር ያመጣል ወይ? ይህን የጠየቁን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሊምፎማ ከያዛቸው 1398 ሰዎችና ካልያዛቸው 4193 ሰዎች መልስ ተቀብለው ነበር። ከታመሙት ከመቶው 21ዱ፣ ካልታመሙት ከመቶው 18ቱ የተነቀሱ ሆነው ተገኙ። ልዩነቱ አለ፣ ግን ጠባብ ነው። ንቅሳቱ በሰፋ ቁጥርም በሽታው ሲጨምር አልታየም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ገና ሌላ ጥናት ያስፈልጋል ብለዋል። ስለሆነም የተነቀሳችሁ እናቶቻችን ዛሬ ማታ እንቅልፍ አጥታችሁ እንዳታድሩ። የቆየ ንቅሳት የዳነ ቁስል ነው። ለማስለቀቅ ብላችሁ በአሲድ ወይም በምላጭ ብትነካኩት ግን እንደገና ቁስል አደረጋችሁት ማለት ነው።

ከመንደራችን የሆነውን አንድ ነገር እንንገራችሁ። ስም አንጠራም፤ ቤተሰቡም ለትምህርት እንዲሆን ፈቅዶልናል። በቀን ሥራ እናቱን የሚረዳ አንድ ወጣት ነበር። ይደክመው ጀመር፤ አንገቱ ላይ ንፍፊት አበጠ፤ ጥርሱን ሲፍቅ ድዱ ይደማል። ጎረቤት ሁሉ በየበኩሉ መከረ። ምክሩ ከቅንነት ነበር። ንፍፊቱን በምላጭ ተበጣ፣ ጥላሸትም ተደረገበት። ደሙ ሁለት ቀን ሙሉ አልቆም አለ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘው። ሆስፒታል ሲደርስ ደሙ ተመርምሮ የደም ካንሰር መሆኑ ታወቀ፤ ነገር ግን ቁስሉ ስለ ተመረዘ የካንሰሩን መድኃኒት ለመጀመር ሳምንታት መጠበቅ ግድ ሆነ። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን ቢጀምርም ብዙ አልቆየም። እኛው ድንኳን ጥለን፣ እኛው ቀበርነው።

በሠልስቱ ማግስት እናቱ «ባላስበጣው ኖሮ ይድንልኝ ነበር ወይ?» ብላ ጠየቀችን። እንዲህ ብለን መለስንላት። «ልጅሽን የገደለው በሽታው ነው። በሽታውን ያመጣው ምላጩ አይደለም፤ አንቺም አይደለሽም። ምላጩ የወሰደው ጊዜውን ነው። ያ ጊዜ ምን ያህል ይረዳው እንደነበር ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም።» ይህን መልስ ዛሬም አንለውጥም። ግን የሚቀጥለው ልጅ ጊዜውን እንዳይነጠቅ ማድረግ የሁላችንም ፈንታ ነው።

ደግሞ ሌላ ደስ የሚል ነገር እንጨምር። አንዲት የሰፈራችን ልጅ ለዚሁ በሽታ መድኃኒት ስትወስድ ጸጉሯም ቅንድቧም ረገፈ። ሠርጓ ስለ ደረሰ ቅንድቧን በሳሎን ልታስነቅስ አሰበች። ደግነቱ አስቀድማ ሐኪሟን ጠየቀች። ሐኪሙም «የደምሽ ቁጥር ገና አልተስተካከለም፣ አሁን አይሆንም» አላት። እናቷ በቅንድብ እርሳስ ኩላት፣ እጇንም እንሶስላ ሞቃ ተዳረች። ማን ልብ አለው? እንሶስላ ቆዳ ላይ ይቀባል እንጂ ቆዳ አይቀድም። ጥቁር ሂና የሚባለውን ግን ተጠንቀቁ፤ የጸጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ስለሚጨመርበት ቆዳ የሚያቃጥልበት ጊዜ አለ።

«እኛ ስንነቀስ ኖረን ምን ሆንን?» የሚሉ አሉ። ሙግታቸው ይገባናል። ለጤነኛ ሰው ቁስሉ ይደርቃል፣ ነገሩም ይረሳል። ጥያቄው በሽተኛው ከጤነኛው በምን ተለይቶ ይታወቃል የሚለው ነው። ፊት አይቶ አይታወቅም፤ በደም ምርመራ ነው የሚታወቀው። ያውም የደም ቆጠራ ከምርመራ ሁሉ ቀላሉና በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊገኝ የሚችል ነው። ባህልን እናዋርድ አላልንም። የሚደማ ድድና ያበጠ ንፍፊት ከመርፌ በፊት የደም ምርመራ ይቅደመው ነው ያልነው።

በሽታው ሕክምና የሌለው አይምሰላችሁ። በተለይ በልጆች ላይ ከሚታዩት ዓይነቶች ብዙው በጊዜ ከተደረሰበት የሚድን ነው። ቀስ ብሎ ለሚሄደው ለአንደኛው ዓይነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ኢማቲኒብ የተባለ በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት ወጥቶ ብዙ ሰዎች ዕለት ዕለት እየዋጡ ሥራቸውን ይሠራሉ። ይህ መድኃኒት በአገራችንም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በዕርዳታ ፕሮግራም ለሕሙማን ሲሰጥ ቆይቷል።

እንግዲህ አባላት እንዲይዙልን የምንፈልገው እነሆ፤

ሀ/ ንፍፊት ከሁለት ሳምንት በላይ ካበጠ፣ ድድ ያለ ምክንያት ከደማ፣ ቆዳ ሳይመታ ከበለዘ፣ ከመርፌና ከምላጭ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዶ ደም ማስቆጠር።

ለ/ የደም ካንሰር ያለበት ሰው ሐኪሙ ሳይፈቅድ እንዳይነቀስ፣ እንዳይበጣ፣ ዋግምት እንዳይደረግለት፣ ጆሮም እንዳይበሳ። መድኃኒቱን ጨርሶ ቢድን እንኳ ጠይቆ ነው።

ሐ/ መድኃኒት በመውሰድ ላይ ያለ በሽተኛ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ አለመጠበቅ። ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው።

መ/ የቆየ ንቅሳት ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ካሳከከ ለሐኪም ማሳየት፤ ቅቤም ቅጠልም አለማድረግ።

ሠ/ ጠያቂዎችም ሥርዓት እንያዝ። ጉንፋን ይዞን በሽተኛ አንጠይቅ፤ እጃችንን ታጥበን እንግባ፤ ተሰብስበን ክፍሉን አናጣብብ።

በመጨረሻም ለጉባዔው አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። መተዳደሪያ ደንባችን ሰው ሲሞት ምን እንደምናደርግ አንቀጽ በአንቀጽ ይዘረዝራል። ሰው ሲታመም ግን የሚለው ጥቂት ነው። የደም ካንሰር በሽተኛ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ደም ነው። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 65 ዓመት፣ ክብደታቸውም ከ45 ኪሎ በላይ የሆነ ጤነኞች በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ይችላሉ። በቅርብ የተነቀሰ ሰው ግን ለወራት እንዲቆይ ስለሚጠየቅ፣ ወጣቶቻችን ሆይ፣ ይህም አንዱ የንቅሳት ዋጋ ነው። እኛ ደም መስጠት የሚችሉ አባላት ዝርዝር በአንድ መዝገብ እንዲያዝ፣ ለከባድ በሽተኛም የመጓጓዣ ድጋፍ በደንቡ እንዲገባ እንጠይቃለን። መዝገቡን ለመያዝ እኛው ፈቃደኛ ነን፤ ሙያችን ነውና።

ዕድር የተቋቋመው ወዳጅ ለወዳጁ እንዲደርስ ነው። ስንቀብር እንደምንደርስ ሳይቀበርም እንድረስ።